ኪንድል፣ ኮቦ ወይስ ስልክ፦ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ገበያ ከደብረ ማርቆስ ሲታይ

በዚህ ግምገማ ሦስት የንባብ መሣሪያዎችን አያለሁ፤ እነርሱም የአማዞን ኪንድል ፔፐርዋይት፣ የኮቦ ክላራ እና ብዙዎቻችን በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው አንድሮይድ ስልክ ናቸው። ሦስቱንም በምኖርበትና በማስተምርበት ከተማ፣ በደብረ ማርቆስ፣ የአማርኛም የእንግሊዝኛም መጻሕፍት እያነበብኩባቸው ቆይቻለሁ። ስለ እነዚህ መሣሪያዎች በውጭ ቋንቋ የተጻፈው ግምገማ ተነቦ አያልቅም፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው አንባቢው የባንክ ካርዱን አውጥቶ ከመደብሩ መግዛት እንደሚችልና የሚያነበውም በላቲን ፊደል እንደሆነ አስቀድሞ ይዞ ስለሚነሳ ለእኛ የሚበጀውን ጥያቄ ሳይነካው ያልፋል። የእኛ ጥያቄ መሣሪያው ከራሱ መደብር ያልተገዛን መጽሐፍ፣ ያውም በግዕዝ ፊደል የተጻፈን፣ እንዴት አድርጎ ይቀበላል የሚለው ነው። ግምገማዬን በሙሉ የምመራው በዚህ መለኪያ ነው።

መለኪያው ለምን ይህ እንደሆነ ለመረዳት መሣሪያዎቹ የተወለዱበትን ፉክክር ማወቅ ያስፈልጋል። ሶኒ የኤሌክትሮኒክ ቀለም ማንበቢያ፣ ማለትም ገጽታው እንደ ወረቀት የሚነበብ መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን፣ በ2006 ደግሞ በአሜሪካ ቀድሞ ለገበያ አቅርቦ ነበር። አማዞን የመጀመሪያውን ኪንድል ያወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2007 ሲሆን ዋጋው 399 ዶላር ሆኖ ሳለ የቀረበው በሙሉ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተሸጦ አልቋል። ገበያውን ያናወጠው ግን መሣሪያው ብቻ አልነበረም። አማዞን አዳዲስና ተፈላጊ መጻሕፍትን በ9.99 ዶላር ይሸጥ ጀመር፤ ለአንዳንዶቹ ለአሳታሚው የሚከፍለው ከዚህ ዋጋ በላይ ስለነበረ በእያንዳንዱ ቅጂ እየከሰረ ይሸጥ ነበር ማለት ነው። ኪሳራውን የቻለው አንባቢው አንዴ ኪንድል ከያዘ በኋላ ከሌላ ቤት ስለማይገዛ ነው፤ ከአማዞን መደብር የተገዛ መጽሐፍ በአብዛኛው በኩባንያው የራሱ የፋይል ዓይነት ተዘጋጅቶና ተቆልፎ ስለሚመጣ በሌላ ኩባንያ ማንበቢያ አይከፈትም።

ተፎካካሪዎቹ ብዙ አልቆዩም። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ የአሜሪካው መጽሐፍ ሻጭ ባርነስ ኤንድ ኖብል ኑክ የተባለውን መሣሪያ በ259 ዶላር ይዞ ብቅ አለ፤ በዚያው ሰሞን በካናዳ ኮቦ ተመሠረተ፤ ይህ ኩባንያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ315 ሚሊዮን ዶላር ወደ ጃፓኑ ራኩተን ተላልፏል። እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2010 ባርነስ ኤንድ ኖብል የኑክን ዋጋ ወደ 199 ዶላር ሲያወርድ አማዞን በዚያኑ ዕለት የኪንድልን ዋጋ ከ259 ወደ 189 ዶላር አወረደ። ዛሬ ከውጭ የሚመጣ ሰው ለቤተሰቡ ማንበቢያ ገዝቶ መምጣት የሚያስችለው ዋጋ ከዚህ ዓይነቱ ፉክክር የተገኘ ነው፤ ለዚህ ባለውለታዎቹ ነን ብዬ አምናለሁ።

ትልቁ ግጭት የመጣው ግን ከአፕል ጋር ነው። አፕል አይፓድን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ሲያስተዋውቅ የራሱን የመጽሐፍ መደብርም አብሮ ይዞ ቀረበ፤ ከአምስት ታላላቅ አሳታሚዎች ማለትም ከአሼት፣ ከሃርፐርኮሊንስ፣ ከማክሚላን፣ ከፔንግዊንና ከሳይመን ኤንድ ሹስተር ጋር በተዋዋለው መሠረት ዋጋውን አሳታሚው ይተምናል፣ አፕልም ከሽያጩ 30 በመቶ ይወስዳል። አሳታሚዎቹ ይህንኑ አሠራር አማዞንም እንዲቀበል ጠየቁ። አማዞን በመጀመሪያ የማክሚላንን መጻሕፍት ከሽያጭ አውርዶ ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ተቀበለ፤ የብዙ አዳዲስ መጻሕፍት ዋጋም ከ9.99 ወደ 12.99 እና 14.99 ዶላር ወጣ። የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2012 ክስ መሠረተ፤ አሳታሚዎቹ በስምምነት ሲወጡ አፕል ተከራክሮ በጁላይ 2013 ዳኛ ዴኒስ ኮት ዋጋ ለማስወደድ በተደረገ ሴራ ተካፋይ ነው ሲሉ ፈረዱበት። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን አላይም በማለቱ አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 የ450 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ጸናበት፤ ከዚህም ውስጥ 400 ሚሊዮኑ ለገዢዎች የሚመለስ ነበር። ገዢው ሳያውቅ ዋጋ የሚወደድበት ስምምነት መቀጣቱ ተገቢ ነው እላለሁ። ሆኖም በዚህ ሁሉ ክርክር አንድም ወገን መጽሐፉ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እንዲዘዋወር አልተሟገተም፤ ሁሉም የተከራከሩት ስለ ዋጋው ነው፣ መቆለፊያው እንዳለ ቀርቷል።

ፉክክሩ ቀጥሎ ወደ ስልክ ገባ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 በአይፎንና በአይፓድ መተግበሪያዎች ውስጥ የሚሸጥ ዲጂታል ዕቃ ሁሉ በእርሱ የክፍያ መንገድ እንዲያልፍና 30 በመቶ እንዲከፈልበት፣ ወደ ውጭ መደብር የሚወስድ ማስፈንጠሪያም እንዳይኖር ደነገገ፤ አማዞን ከኪንድል መተግበሪያው ላይ የመግዣውን ቁልፍ ያነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ጎግል የራሱን የክፍያ ደንብ ሲያጠብቅ እ.ኤ.አ. በ2022 በአንድሮይድም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በአፕሪል 2025 አንዲት የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ አፕል ወደ ውጭ መግዣ የሚወስዱ ማስፈንጠሪያዎችን እንዳይከለክል ካዘዙ በኋላ በአሜሪካ የአይፎን ተጠቃሚዎች የመግዣው ቁልፍ ተመልሶላቸዋል፤ ይህ ትእዛዝ እኛን አይመለከትም። ተማሪዎቼ «መተግበሪያው መጽሐፉን ያሳየኛል፣ መግዣው ግን የለም» እያሉ በተደጋጋሚ ስለሚጠይቁኝ ነው ይህን በዝርዝር የጻፍኩት። ስልካቸው ምንም አልሆነም፤ በሁለት ትላልቅ ኩባንያዎች መካከል ያለ የትርፍ ድርሻ ክርክር ነው።

መደብር ደግሞ ይዘጋል። የሶኒ የሰሜን አሜሪካ መጽሐፍ መደብር እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘግቶ ደንበኞቹ ወደ ኮቦ ተዛወሩ። ማይክሮሶፍት በ2019 የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት ከገዢዎቹ እጅ ጠፉ፤ ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። የቻይና የኪንድል መደብር በ2023 ሽያጩን አቁሟል። ከሁሉ ይልቅ አንባቢ ሊያስታውሰው የሚገባው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 የሆነው ነው፤ አማዞን፣ ሻጩ መብት ያልነበረውን መጽሐፍ ሸጦ ተገኘ በሚል ምክንያት፣ ደንበኞች ገዝተው ያወረዱትን ቅጂ ከርቀት ከመሣሪያቸው ላይ ሰርዞ ገንዘባቸውን መለሰ፤ መሥራቹ ጄፍ ቤዞስ በኋላ በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ አማዞን ደንበኛው የገዛውን መጽሐፍ በኮምፒውተር አውርዶ በገመድ ወደ ኪንድሉ የሚያስተላልፍበትን መንገድ አስቀርቷል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ኢንተርኔት በማያስተማምንበት አገር ለሚኖር ሰው ከሁሉም የከፋ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ጎጃም እንምጣ። የኪንድልም ሆነ የኮቦ መደብር በቴሌብር አይከፈልም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ከቡና እስከ ትራንስፖርት ብዙ ነገር በስልክ የሚከፈል ሆኗል፤ የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ለውጭ መደብር ለመክፈል ግን የውጭ ምንዛሪ የሚያንቀሳቅስ ካርድ ያስፈልጋል፣ ይህ ደግሞ በአብዛኛው መምህርና ተማሪ እጅ የለም። የምንጠቀምበት መንገድ ዘመድ ነው፤ ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እኅት የስጦታ ካርድ ይልካል፣ ወይም መጽሐፉን በራሱ ስም ገዝቶ አካውንቱን ያጋራል። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 160 ዶላር የሚሸጥ ኪንድል በባንክ ተመን ወደ 9,100 ብር ይደርስ ነበር፤ ዶላር ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ግን ከ16,000 ብር በላይ ሆኗል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መሣሪያው ከመደብሩ ውጭ ምን ያህል እንደሚያገለግለው ሳይመረምር መግዛት የለበትም።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ አለ። አማዞን ደራሲዎች ራሳቸው ኢ-ቡክ እንዲያሳትሙበት በከፈተው አገልግሎት ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። በዚያ አገልግሎት የሚጽፍ ሰው መጽሐፉን ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ቢተምነው በብዙ አገሮች ከሽያጩ 70 በመቶ ያገኛል፤ የእኛ ደራሲ ግን በገዛ ቋንቋው ከጻፈ ይህ በር በተለመደው መንገድ አይከፈትለትም። ክፍተቱን የሞላው ቴሌግራም ነው። በየቻናሉ የሚለቀቀው ፒዲኤፍ በአብዛኛው በሕይወት ያሉ ደራስያን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ የተበተነ ሲሆን ይህ የደራሲውን ጉልበት መዝረፍ ነው። መግዣ ቦታ አለመኖሩ ምክንያቱን ያስረዳል፣ ድርጊቱን ግን ትክክል አያደርገውም። እኔ መሣሪያዎቹን የፈተንኩት ራሴ ባዘጋጀኋቸው የትምህርት ጽሑፎች፣ ደራስያኑ ራሳቸው በሶፍት ኮፒ በሸጡልኝ መጻሕፍትና ማንም እንዲገለብጣቸው በተፈቀዱ ጥንታዊ ጽሑፎች ነው።

አሁን ወደ ኪንድል ፔፐርዋይት። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሞዴል በአሜሪካ ከ160 ዶላር በጥቂቱ ያነሰ ዋጋ የተተመነለት ሲሆን 7 ኢንች ስፋት፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት ያለው ገጽታና 16 ጊጋባይት ማከማቻ አለው፤ ውኃም ይቋቋማል። የኤሌክትሮኒክ ቀለም ገጽታ ጥቁርና ነጭ ቀለም የያዙ፣ የሰው ጠጉር ውፍረት ያህል የሆኑ ጥቃቅን ከረጢቶች የተደረደሩበት ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ገጹ ሲገለበጥ ብቻ ስለሆነ ጽሑፉ አንዴ ከታየ በኋላ ለመታየት ኃይል አይፈልግም። የዚህን ጥቅም ሁለት ቦታ ላይ በግልጽ ታያለህ፤ አንደኛው በጠራራ ፀሐይ ባሕር ዳር ጣና ዳርቻ ተቀምጠህ ወይም ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚመጣ አውቶቡስ መስኮት አጠገብ ሆነህ ስታነብ ሲሆን፣ ስልክ በዚህ ብርሃን መስታወት ሆኖ የራስህን ፊት ያሳይሃል፤ ሁለተኛው ደግሞ መብራት በጠፋበት ምሽት ነው። ኩባንያው በቀን ግማሽ ሰዓት ለሚያነብ ሰው አንድ ቻርጅ እስከ 12 ሳምንት ይበቃል ይላል፤ የእኔ ንባብ ከግማሽ ሰዓት ስለሚበልጥ ያን ያህል አላገኘሁም፣ ቢሆንም መብራት ጠፍቶ ሳለ ኪንድሉ ቻርጅ ይኖረው ይሆን ብዬ ተጨንቄ አላውቅም። የፊት መብራቱ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን መስጠት ስለሚችል ማታ ዓይን አያደክምም።

በአማርኛ ሲነበብ ግን ሥራ ይጠይቃል። ምናሌው በአማርኛ አይቀርብም፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አብሮት አይመጣም። በገመድ የተገለበጠለትን የኢፐብ ፋይል፣ ማለትም ሌሎች ማንበቢያዎች በብዛት የሚጠቀሙበትን የኢ-ቡክ ፋይል ዓይነት፣ በቀጥታ አይከፍትም፤ ወይ በኢንተርኔት ወደ አማዞን ልከህ እንዲቀይርልህ ማድረግ፣ ወይ ደግሞ ካሊበር በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ራስህ መቀየር አለብህ። ካሊበር ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ እኔ የምመክረው እርሱን ነው። የፊደሉን ነገር ለማስተማመን አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉትን ነጻ የግዕዝ ፎንቶች በኪንድሉ የፎንት ማህደር ውስጥ መጨመር ይበቃል፤ አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ይህን ፈቅዷል። ይህ ከተደረገ በኋላ የሚታየው የአማርኛ ገጽ እጅግ የጠራ ነው። ፊደላችን ካዕቡን ከሣልሱ፣ «ቱ»ን ከ«ቲ»፣ «ኩ»ን ከ«ኪ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ ጭረት አቀማመጥ ስለሆነ የገጽታው ጥራት ለእኛ ከላቲን አንባቢ ይልቅ ወሳኝ ነው። ከ2022 በፊት የወጡት ርካሾቹ ኪንድሎች በአንድ ኢንች 167 ነጥብ ብቻ ስላላቸው በትንሽ ፊደል ሲነበቡ ጭረቶቹ ይደበዝዛሉ፤ በስጦታም ሆነ በአሮጌ ዕቃነት ቢገኙ ለአማርኛ አልመክራቸውም።

አንድ ችግር ደግሞ ማንም መሣሪያ ብቻውን የማይፈታው አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም በመሥሪያ ቤቶቻችንና በማተሚያ ቤቶች ለረጅም ጊዜ የተጻፈው በፓወር ግዕዝና በቪዡዋል ግዕዝ ፎንቶች ነው፤ እነዚህ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የግዕዝን ቅርጽ የሚያስቀምጡ በመሆናቸው ጽሑፉ ወደ ኢ-ቡክ ሲቀየር ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። ደራሲ ሶፍት ኮፒውን ከመሸጡ በፊት ወደ ዩኒኮድ ቢያስቀይረው አንባቢውን ከብዙ ድካም ያድነዋል። ገጽ በገጽ ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ደግሞ ፊደሉ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ በ6 ወይም በ7 ኢንች ገጽታ ላይ አይሰፋም፣ አይታጠፍም፤ ገጹን በጎን አዙሮ በግማሽ በግማሽ ማንበብ ይቻላል፣ ግን አድካሚ ነው።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በሌላ አገር ግምገማ ውስጥ አታገኘውም። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ያለፈ ወይም ለጸሎት መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ያውቃል። በጥቁርና ነጭ ማንበቢያ ላይ ይህ ቀይ ወደ ግራጫ ይለወጥና ከጥቁሩ ለመለየት ያስቸግራል፤ ለእኔ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም፣ ምክንያቱም ቀዩ ለጌጥ የገባ ሳይሆን የአጻጻፉ ሥርዓት አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኮቦ ክላራ ከለር፣ አማዞን ደግሞ ኪንድል ከለርሶፍት ብለው ባለ ቀለም ማንበቢያዎችን አውጥተዋል። ጥቁሩ ጽሑፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሆኖ ባለ ቀለሙ 150 ነጥብ ብቻ ነው፣ ቀለሙም እንደ ስልክ የደመቀ አይደለም፤ ነገር ግን ቀይ መሆኑ ይታወቃል። ለዳዊትና ለድርሳን የሚፈልገው ሰው ተጨማሪውን ዋጋ ቢከፍል አይቆጨውም።

ኮቦ ክላራ በእኔ መለኪያ ይበልጣል። ጥቁርና ነጩ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ በአሜሪካ 129.99 ዶላር ነበር፤ 6 ኢንች ስፋት፣ እንደ ፔፐርዋይቱ 300 ነጥብ ጥራትና 16 ጊጋባይት ማከማቻ አለው፣ ውኃም ይቋቋማል። ወደ ኮምፒውተር በገመድ ስታገናኘው እንደ ፍላሽ ይታይሃል፤ ኢፐብ ወይም ፒዲኤፍ ገልብጠህ ስትነቅለው መጽሐፉ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል፣ ምንም መቀየር አያስፈልግም። ፎንትም በተመሳሳይ መንገድ ይጨመርለታል። ከኮቦ መደብር የተገዛ መጽሐፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ቁልፉን በሚያውቁ የሌሎች ኩባንያዎች ማንበቢያዎች ሊከፈት ስለሚችል አንባቢው በአንድ ቤት አይታሰርም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ለብዙ ወራት መጽሐፍ ከሰው ወደ ሰው የሄደው በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ፋይሉን እንዳለ የሚቀበል መሣሪያ ያለው ሰው ንባቡ አልተቋረጠበትም። ኩባንያው የጥገና መመሪያና መለዋወጫ ከአይፊክስኢት ጋር ተስማምቶ ማቅረቡም ባትሪ ሲደክም መሣሪያው እንዳይጣል ያደርጋል። ጉድለቱ በቀላሉ አለመገኘቱ ነው። በከተማችን ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች አይቼው አላውቅም፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ኪንድልን ያውቃል፣ ኮቦን ግን ስሙን ጽፈህ ካልላክህለት አያውቀውም። የፔፐርዋይቱ ሰፋ ያለ ገጽታም ለፒዲኤፍ የተሻለ ነው። ምናሌው በአማርኛ አለመሆኑ እንደ ኪንድል ነው።

ስልክን እንደ ሦስተኛ መሣሪያ የምቆጥረው ለማሟያ ያህል አይደለም፤ በጎጃም ከሚነበበው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ብዙው የሚነበበው በስልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስን የሚያመርተው ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ወደ አፍሪካ ገበያ ሲገባ ለአገሬው ቋንቋ ትኩረት በመስጠቱ ስልኮቹ የአማርኛ መጻፊያ ይዘው መጥተዋል፣ በአገራችንም መገጣጠሚያ ከፍቷል። አንድሮይድ የግዕዝ ፎንት አብሮት ስላለ አማርኛ ያለ ምንም ዝግጅት ይነበባል፤ ስልኩን ራሱን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል። ሪድኢራ የተባለው ነጻ መተግበሪያ ኢፐብም ፒዲኤፍም ይከፍታል፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ያለ ዳታ ይሠራል፤ ተማሪዎቼ በስልካቸው ላይ እንዲጭኑት የምጠይቀው እርሱን ነው። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ በጣት እየተሰፋ የሚነበበውም ከሦስቱ በስልክ ይሻላል፣ የጸሎት መጽሐፍ ቀዩም በስልክ ቀይ ነው። በሌላ በኩል ፀሐይ ላይ አይነበብም፣ ቻርጁ በመብራት መጥፋት ቀን አያደርስም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ንባቡን በየደቂቃው የሚያቋርጥ መልእክት ይገባል። አጭር ጽሑፍና የትምህርት ማስታወሻ በስልክ ይነበባል፤ ረጅም ልብ ወለድ በስልክ ጀምረው የጨረሱ ተማሪዎች ግን ጥቂት ናቸው።

ታብሌት ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ የስልክን ድካም ሁሉ ይዞ ይመጣል። ቡክስ የተባሉት የቻይና ማንበቢያዎች የኤሌክትሮኒክ ቀለምን ከአንድሮይድ ጋር ስላጣመሩ ሪድኢራን ሊጭኑ ይችላሉ፣ ሐሳቡ ለእኛ የተመቸ ነው፤ እኔ ግን አልተጠቀምኩባቸውም።

ስለዚህ ምርጫዬ እንዲህ ነው። ገንዘብ የሚያወጣ ሰው በዋናነት አማርኛ የሚያነብ ከሆነና ዘመዱ ሊያመጣለት ከቻለ ኮቦ ክላራን ይውሰድ፤ ለጸሎት መጻሕፍት ከሆነ ባለ ቀለሙን። እንግሊዝኛ የሚበዛበት፣ ውጭ ያለ ቤተሰቡ ከአማዞን መጽሐፍ የሚገዛለት ሰው ፔፐርዋይት ይሻለዋል፣ ካሊበርን መማር ግን አይቀርለትም። ኪንድል ሲታዘዝ ማስታወቂያ የሌለበትን ዓይነት ማለት ያስፈልጋል፤ ማስታወቂያ ያለበት 20 ዶላር ይረክሳል፣ ሳይነበብበት ሲቀመጥ ግን ገጽታው ላይ መደብሩ የሚሸጠውን ሲያሳይ ይኖራል። ሁለቱም መሣሪያዎች መጀመሪያ ሲከፈቱ ምዝገባና ኢንተርኔት ስለሚጠይቁ የሚያመጣው ሰው እዚያው ሳለ አካውንቱን ከፍቶ፣ የመሣሪያውን ሶፍትዌር አድሶና የግዕዝ ፎንቱን ጭኖ ቢያመጣው ይሻላል። በእጁ ያለውን ስልክ ብቻ ይዞ ማንበብ የሚፈልግ ተማሪ ደግሞ ምንም መግዛት አያስፈልገውም፤ ሪድኢራን ይጫን፣ በንባብ ሰዓት ዳታውን ያጥፋ፣ ደራሲው ሶፍት ኮፒ የሚሸጥ ከሆነም ከቴሌግራም ቻናል ከማውረዱ በፊት ለደራሲው ደውሎ ዋጋውን በቴሌብር ይክፈል።